የሙሉካ ድረ ገጽ

ሙሉካ በዲላ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ልጇ ትንሳኤ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። በከተማው ለሴቶች የኮምፒውተር ስልጠና ሲከፈት ቀድማ ተመዘገበች። ፊደላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች የልጇን ፎቶ፣ ስሙንና የራሷን ስልክ ቁጥር የያዘ ድረ ገጽ ሠራች። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ስታየው አለቀሰች።

«አሁን ዓለም ሁሉ ያየዋል?» ብላ አሠልጣኙን ታዲዮስን ጠየቀችው።

«አዎ እትዬ፣ ዓለም ሁሉ!» አላት። ከኋላ የተቀመጡት ረዳቶቹ ሳቁ። የደስታ ሳቅ መስሏት እሷም አብራ ሳቀች።

ክረምቱን ሙሉ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ጠበቀች። በመጨረሻ ደንበኛዋ የሆነችን ተማሪ ገጹን እንድትከፍትላት ለመነቻት። ልጅቷ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። ሙሉካ ቆጮዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ወደ ታዲዮስ ሄደች።

«እሱ እኮ ኢንተርኔት ላይ አልወጣም፤ የተማሩበት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር» አላት።

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ደስ ሲልዎት አየንና ቀለድን። አሁን ደግሞ ለአዲሶቹ ሰልጣኞች ብለን ሁሉንም አጥፍተነዋል።»

«እንግዲያው እንዴት እንደሚወጣ አሳየኝ» አለችው፣ እንባዋን እየዋጠች።

«ምዝገባው ተዘግቷል» አለና በሩን ዘጋባት።