ጅረኛ ከአሥር ሦስት የሰጠው ጨዋታ

አሶሳ ውስጥ፣ የሸርቆሌ ሚኒባሶች ተራ ከሚይዙበት ቦታ ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለች። ባለቤቷ ጅረኛ ይባላል። የባምባሲ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ይላል። በቆርቆሮው በር ላይ በፕላስተር የተለጠፉ ወረቀቶች አሉ። አላፊ አግዳሚው ማስታወቂያ እየመሰለው አያነባቸውም። ማስታወቂያ ግን አይደሉም። ጅረኛ ተጫውቶ ስለጨረሳቸው ጨዋታዎች የጻፋቸው አስተያየቶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ መጨረሻም ከአሥር የሰጠው ነጥብ አለ።

ስሙን የሚያወጣላቸው ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ይተውና ውስጡ ባየው ነገር ይጠራቸዋል።

«ዋሻው። ብርሃኑ ጥሩ ነው። ጠላቶቹ ግን ሁሉም አንድ ፊት አላቸው፤ ሃያኛውን ስገድል የመጀመሪያውን መልሼ የገደልኩት መሰለኝ። ከአሥር አምስት።»

«የበረሃው መኪና። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። እንዲህ ያለ በረሃ የለም። ከአሥር ሁለት።»

«ጎመን የምትተክለው ሴት። ምንም አይፈጠርም። ዝናብ ይዘንባል፣ ጎመኑ ይበቅላል፣ ጎረቤቶቿ እንደምን አደርሽ ይሏታል። ሲያልቅ ቅር አለኝ። ከአሥር ዘጠኝ።»

ደንበኞቹ የሚፈልጉት ኳስ ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ መምጣት ይጀምራሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ይጯጯሃሉ፤ ይሰዳደባሉ፤ ይሄዳሉ። ጅረኛ ሌላ ጨዋታ ሊያሳያቸው የሞከረበት ጊዜ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሾፍበት ባለባጃጁ ካሣዬ ነው።

«አያ ጅረኛ፣ ጎመኑን ለራስህ ትከል፤ ለእኔ ኳሱን ክፈትልኝ» ይለዋል።

ስለዚህ ሌሎቹን ጨዋታዎች ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ብቻውን ይጫወታቸዋል። ቤቱን ሲከፍት ከታናሽ ወንድሙ ከጉዲና ጋር ነበር። ጉዲና ነቀምት ሄዶ አግብቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የጠዋቷ ሰዓት የጅረኛ ብቻ ናት። መጋረጃውን ጋርዶ ይጫወታል፤ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ይሰርዛል፤ ነጥቡን ከመወሰኑ በፊት አንድ ሌሊት ያሳድረዋል። አስተያየቱን የጠየቀው ሰው የለም። ቢሆንም ያለአግባብ ነጥብ መስጠትን በሐሰት እንደመመስከር ነው የሚቆጥረው።

አንባቢው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ዐዋጢፍ ትባላለች፤ የበርታ ልጅ ናት፤ ሸርቆሌ በሚገኘው የስደተኞች መጠለያ መምህርት ነበረች። ሰኞ ጠዋት ትሄዳለች፣ ዓርብ ትመለሳለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ሌሎቹ መንገደኞች ማንጎ እየላጡ ሲጨዋወቱ፣ እሷ በሩ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ከላይ እስከ ታች ታነባለች። አንድ ቀን ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣችና ከበረሃው መኪና ሥር «ጎማውስ አይፈነዳም?» ብላ ጻፈች።

ጅረኛ ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ወጥቶ አነበበው። ቆሞ ብዙ አሰበ። ከዚያ በእስክሪብቶ «አይፈነዳም። ይህን ሳላስተውል ቀርቻለሁ» ብሎ ጻፈና ሁለቱን ነጥብ ወደ አንድ አወረደው።

በዚህ ዓይነት ስምንት ወር ተጻጻፉ። ለአንድ መስመር ጥያቄ መልሱ በሳምንቱ ነው የሚነበበው። ጎመን ከምትተክለው ሴት ሥር «ባል የላትም?» ብላ ጠየቀች። እሱም «የላትም። ጨዋታው ስለዚህ ምንም አይልም» ብሎ መለሰላት። በቃል ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም። እሷ ስታነብ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፁን ቀንሶ ይቀመጣል። ስሟን ያወቀውም ሹፌሩ «ዐዋጢፍ፣ ነይ እንጂ፣ ሞላን» ብሎ ሲጣራ ሰምቶ ነው።

ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ተገልብጠው ከመጡለት ጨዋታዎች መካከል አንዱን «አንድ ጀልባ» ብሎ ጠራው። ሁለት ሰዎች በአንዲት ጀልባ ረጅም ወንዝ ይወርዳሉ። አንደኛው የግራውን መቅዘፊያ ይዟል፣ ሌላኛው የቀኙን። ጨዋታው ሁለት ጆይስቲክ ይፈልጋል። ጅረኛ አንዱን በቀኝ እጁ፣ አንዱን በግራው ያዘ። ጀልባዋ ባለችበት ዞረች። አንዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሌላው ቀዘፈ፤ ከዚያ ቀያየረ። እንዲህ እያለ በአሥራ አንድ ጠዋቶች ጨረሰው። ጣቶቹ ዝለው ነበር። እንዲህም ጻፈ፦

«አንድ ጀልባ። ወንዙ ያምራል። ጀልባዋ ግን ትዞራለች፤ ያደክማል። ሁለቱ ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይነጋገሩም። ምን እንዳጣላቸው አልገባኝም። ከአሥር ሦስት።»

ሰኞ ዐዋጢፍ አነበበችው። የጻፈችው አጭር ነበር፦ «ማን አብሮህ ተጫወተ?»

በዚያ ሳምንት ጅረኛ መልስ አልጻፈም። እስክሪብቶውን ይዞ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። የሚቀጥለው ሰኞ፣ እሷ በሩ ላይ ስትቆም፣ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

«ማንም አልነበረም» አላት።

ዐዋጢፍ ዘወር ብላ አየችው። «ምኑ?»

«የጠየቁኝ። አብሮኝ የተጫወተ ሰው የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እርስዎ አትበለኝ፤ ስምንት ወር ተጻጽፈናል።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። «ሁለቱንም መቅዘፊያ አንተው ያዝክ?»

«አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚህ።» ሁለት እጆቹን አሳያት።

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አመለጣት። «ታዲያ ብትዞር ምን ይገርማል?»

እሱም ትንሽ ሳቀ። እሷ እንደገና ወደ ወረቀቱ ዞረች።

«አይነጋገሩም ብለህ ቀንሰህባቸዋል» አለች። «የሚነጋገሩት ተጫዋቾቹ ናቸው እኮ። ግራ፣ ቀኝ፣ ቆይ፣ አሁን እያሉ። እነዚህ ምን ብለው ያውሩ?»

ጅረኛ ሁለት እጆቹን አየ። በአሥራ አንዱ ጠዋቶች አንዴም ያላሰበው ነገር ነበር።

«ሦስቱን የሰጠኸው ለራስህ ነው፤ ለጨዋታው አይደለም» አለችው፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እንዲህ ማለቴ አልነበረም።»

«የለም፣ ልክ ነሽ።»

ዐዋጢፍ ወደ ሚኒባሱ ተመለከተች። «ስንት ቀረህ?» አለችው ሹፌሩን።

«አምስት። ዛሬ ደግሞ ሰው የት ገባ» አለ ሹፌሩ ጥርሱን እየፋቀ።

«እስኪሞላ አሳየኛ» አለችው ጅረኛን።

ጅረኛ መጋረጃውን ሙሉ ለሙሉ ሰብስቦ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ከመንገድ ሆኖ ያየ ሁሉ እንዲያያቸው። እሷ ከአግዳሚው አንደኛው ጫፍ ተቀመጠች፣ እሱ ከሌላኛው፤ ቦርሳዋን መካከላቸው አስቀመጠች። ጀልባዋ መጀመሪያ ዞረች። ዓለት መታች። ተገለበጠች።

«ፈጠንክ» አለችው።

«አንቺ ዘገየሽ።»

«ስምንት ወር ስትመልስልኝ አንተ ነህ የዘገየኸው። ቆይ፣ ልቁጠር።» ገበያ ላይ ማንጎ የሚቆጥሩት የበርታ ሴቶች እንደሚያደርጉት አንድ፣ ሁለት እያለች በዓረብኛ ቆጠረች። «ዋሂድ። ኢትኔን። ዋሂድ። ኢትኔን።»

በአራተኛው ቆጠራ ጀልባዋ ቀጥ አለች። ያኔ ከወንዙ ድምፅ ሥር ሙዚቃ ጀመረ። ዝግ ያለ ነው፣ እንደ ዋሽንት ያለ። መቅዘፊያዎቹ እኩል ውኃ ሲነኩ ይሰማል፤ ሲለያዩ ይጠፋል።

«ይህ ሙዚቃ ከየት መጣ?» አለች።

«አላውቅም» አለ ጅረኛ። «ሰምቼው አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ እሷ ትቆጥራለች፣ ሁለቱም ይቀዝፋሉ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆኑ። ወንዙ ወደ ሰፊው ሜዳ ሊወጣ ሲል ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

ዐዋጢፍ ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ጅረኛ የራሱን ከአጠገቡ አኖረ።

«ሰኞ እንቀጥላለን?»

«ሰኞ እዚህ አልኖርም» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ቶንጎ ወዳለው መጠለያ ተዛውሬያለሁ። ዛሬ ዕቃዬን ላነሳ ነው የምሄደው። ከሸርቆሌ በምሠራበት ድርጅት መኪና በዚያው ነው የሚወስዱኝ።»

«በባምባሲ ነው የሚታለፈው» አለ ጅረኛ። «የእኔ አገር ነው።»

«ስናልፍ አየዋለሁ።» በሩ ላይ ደርሳ ቆም አለች። «ቶንጎ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ይኖር ይሆን?»

«እንጃ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሳላነብ እኖራለኋ» አለችና ፈገግ ብላ ሄደች። ስልኳን እንዳልጠየቃት ትዝ ያለው ሚኒባሱ ታጥፎ ከተሰወረ በኋላ ነው።

ሦስቱ ነጥብ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ጅረኛ በሩን በከፈተ ቁጥር ያየዋል። ስህተት መሆኑን አሁን ያውቃል፤ ስህተት መሆኑን እያወቀ ማቆየት ደግሞ አልሆንልህ አለው። ቁጥሩን ብቻ ቢለውጥ ምክንያቱን ያልጻፈበት የመጀመሪያው ነጥብ ሊሆን ነው። ምክንያቱን ቢጽፍ፣ ባለባጃጁም መንገደኛውም በሚያልፍበት በር ላይ፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው እንደሌለው ሊጽፍ ነው። ረቡዕ ዕለት ፕላስተሩን ከጥጉ ያዘ። ቢቀድደው የሚጠይቀው አልነበረም። የምታነበው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም የለችም። ለጥቂት ጊዜ እንደያዘው ቆመና ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፈው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሩን አወጣ። ሰኞ ማለዳ አዲስ ወረቀት ከአሮጌው አጠገብ ለጠፈ፦

«አንድ ጀልባ። እርማት። ከዚህ በፊት ሦስት ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ጨዋታው ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። እኔ ሁለቱንም ጆይስቲክ ይዤ ብቻዬን ተጫወትኩት። አብሮኝ የሚጫወት ሰው አልነበረኝም፤ ጥፋቱን ግን በጨዋታው ላይ አደረግሁ። ሁለት ሰው እኩል ሲቀዝፍ ሙዚቃ አለው። የሰማሁት ሩብ ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ላለው ከአሥር ዘጠኝ።»

የሸርቆሌው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ። ማንም አላነበበም። ሁለተኛው ተራ ሲይዝ ካሣዬ ባጃጁን በሩ አጠገብ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«አያ ጅረኛ።»

«አቤት።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ብቻህን ነህ?»

«አዎ።»

«መጋረጃው ዝግ ስለሆነ ሰው ያለ ይመስለን ነበር እኮ።» ካሣዬ ሊያሾፍ አፉን ከፈተ፤ ተወውና አንገቱን አከከ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለተኛውን ጆይስቲክ ወደ ጅረኛ ገፋለት። «ና፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ አብረን እንጫወት። ኳሱን ግን። ጀልባ አልችልም።»

ጅረኛ ኳሱን ከፈተና ተቀመጠ። ኳስ አይችልበትም። ካሣዬ ሦስት አገባበት፤ በእያንዳንዱ ጎል በክርኑ ጎኑን ጎሸም አደረገው፤ «ተከላካይህ ጎመን ሊተክል ሄደ እንዴ?» አለው። ጅረኛ ሳቀ። አራተኛው ሊገባ ሲል ገረሱ የሚባለው ሌላው ባለባጃጅ በሩ ላይ ቆመና «ማነው የሚነሳው?» አለ።

ጅረኛ እንደተሸነፈ ደንበኛ ሁሉ ጆይስቲኩን ሰጥቶት ተነሳ።