ኮረንቲ ወዴት ይሄዳል?

የልጅ ልጄ ትዕግስት ዛሬ ከሥራ ፈተና እንባዋ እየወረደ ገባች። በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀችውን ልጅ «ስለ ራዕይሽ ተናገሪ» ብለው አፋጠዋታል!

እኔ ግን ሳቄ መጣ።

በደርግ ጊዜ ወንድሜ ላሚሶ ማትሪክ አልፎ፣ ይሄንኑ ትምህርት ውጭ አገር ሊማር ዕድል አገኘ። መጀመሪያ ግን እዚሁ አዋሳ ቀበሌያችን «የነቃ ነው» ብሎ መመስከር ነበረበት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ «ጓድ ላሚሶ፣ ኮረንቲ ከየት ወዴት ይሄዳል?» አለው።

የኔው ሞኝ «ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ» አይል መሰላችሁ!

«ስህተት! ወደ ሰፊው ሕዝብ ነው! ይሄ ልጅ አልነቃም!»

ወንድሜ ሊወድቅብኝ ሲል ብድግ አልኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰፊው ሕዝብ እኔ ነኝ። ቤቴ ግን ኩራዝ ነው። ኮረንቲው እርስዎ ቤት ገብቶ ቀረ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ «ይለፍ፣ ይለፍ! ሴትዮዋን ግን አስቀምጡልኝ!» አለ።

ላሚሶ ኢንጂነር ሆኖ ሲመለስም በኩራዝ ነው የተቀበልኩት።

እናንተስ ስትፈተኑ ምን ጉድ ተጠየቃችሁ? ይሄን የምትጽፍልኝ ትዕግስት ናት፤ መልሳችሁንም እሷው ታነብልኛለች። እስቲ አስቁልኝ።