የመንገድ ከፋቹ ቅቤ

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ ያገለገለች መኪና ገዝቶ መጣ። እናቱ አገላብጠው ሳሙት፣ መረቁትና ወደ ጓዳ ገብተው ለጋ ቅቤ በጣታቸው ቆንጥረው በመውጣት የመኪናዋን ግንባር ቀቡ። ሞተሩ ገና አልበረደም ነበርና ቅቤው ቀለጠ፤ በቆርቆሮው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። የትኩስ ብረት፣ የአቧራና የቅቤ ሽታ ተደባልቆ ሲደርሰኝ እንባዬ መጣ። ሰዎቹ ለልጁ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩ መስሏቸዋል። ይምሰላቸው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ የሚወስደው መንገድ ክረምት ከገባ የእግረኛና የበቅሎ ብቻ ነበር። ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ ወንዙም ይሞላል። ወገዳዎች ጨውና ላምባ የሚደርሳቸው በአህያ ጀርባ ነው። መስቀል አልፎ ወንዙ ጎደለ የሚል ወሬ ሲሰማ ታዲያ መካነ ኢየሱስ ላይ ክረምቱን ታስረው የከረሙት መኪኖች ሁሉ ጭነው በአንድ ጠዋት ይነሳሉ። ቀድሞ ወገዳ የገባው «መንገድ ከፋች» ይባላል። የገበያው ሴቶች ግንባሩን ቅቤ ይቀቡታል፤ ነጋዴውም እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ እህሉን የሚጭነው በሱ ነው። የቀረው የተረፈውን ይለቃቅማል።

እሽቅድድሙ የማይጣስ ሕግ ነበረው። ወንዝ ውስጥ የቆመ መኪና ካለ፣ ኋላ የደረሰው ወርዶ ያወጣዋል እንጂ በጎኑ አልፎት አይሄድም። አልፎ የገባ ቅቤ አያገኝም። ያወጣው ደግሞ የመቅደም መብት አለው።

የኛ ቡድን እኛው ቤተሰቡ ነበርን። አባቴ መሪው ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ ከጭነቱ አናት ላይ የጎማ ታኮና አካፋውን ይዞ፣ እናቴ ደግሞ ቤት ሆና ስንቅ አዘጋጅ፣ ለእመቤታችን ተሳይ፣ ሁላችንንም ተቆጪ ነበረች። እኔ ከአባቴ ጎን እቀመጥ ነበር። የኔ ሥራ ማየት ነበር።

የአባቴ ዓይን ደክሞ ነበር። በዚያ ክረምት አንድ ማለዳ አጥር ላይ ለተሰጣ ጋቢ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» ሲል እናቴ ከልቧ ሳቀች፤ ዞር ብላ ደግሞ አለቀሰች። ሐኪም አይቶት መመለሻ የለውም ብሎታል። ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አባቴ ያሰበው አንዴ ብቻ መንገድ ከፍቶ፣ የዓመቱን ጭነት ለመኪናችን አስይዞ፣ መሪውን ለልጁ ማስረከብ ነበር። ዓይኑ መድከሙ ከተሰማ ግን አንድ ኩንታል አምኖ የሚሰጠው ነጋዴ አይኖርም፣ መኪናችን ትሸጣለች፣ ወንድሜም የሰው ረዳት ሆኖ ይቀራል። አባቴ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው ሞተር ሲያልፍ የሚያዳምጥ ሽማግሌ ይሆናል።

ስለዚህ ተለማመድን። እኔ «ድንጋይ»፣ «ቦይ»፣ «በሬ» እላለሁ፤ እሱ ያንን በእጁ ይሠራዋል። ሰው አጠገባችን ካለ ደግሞ ጉልበቱን እነካዋለሁ፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ቀኙን፣ ወደ ግራ ሲሆን ግራውን። መንገዱን ሃያ ዓመት የነዳው ሰው ነበርና ብዙውን ከኔ በፊት ያውቀዋል። «እዚህ ጋ ዋርካ አለች አይደል?» ይለኛል፣ ዋርካዋም ትኖራለች። ዛሬ ሳስበው እብደት ነበር። ሰው አልጎዳንም፤ እግዜር ይመስገን ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

ዋናው ባላንጣችን ባለሰማያዊው ነበር። ሰማያዊ አይሱዙ ነበረችው፤ ታናሽ ወንድሙን ረዳት አድርጎ ይሠራ ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ የአባቴ ረዳት ነበርና «ጋሼ» እያለ ያከብረዋል፤ አፉ ግን አያርፍም። መኪናው ከናፍጣ ይልቅ በወሬ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። በዋዜማው ቤታችን ድረስ መጥቶ እየሳቀ፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጋሼ፣ ዘንድሮ ቅቤው የኔ ነው» አለ። እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ ይዛ ደርቃ ቀረች። እኔ ወለሉን አየሁ። አባቴ ብቻ ሳቀ።

በማግሥቱ ቅዳሴ እንዳበቃ ቄሱ መኪኖቹን ጠበል ረጭተው «በሰላም ያግባችሁ» አሉንና ተነሳን። አንዱ ከከተማው ሳይርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ሌሎቹ እሱን እየዞሩ ኋላ ቀሩ። እኛ ፊት፣ ሰማያዊዋ ከኋላችን ሆነን የአደይ አበባ የሸፈነውን ሜዳ ጨረስነው። በተከፈተው መስኮት የእርጥብ አፈርና የባቄላ አበባ ሽታ ይገባል። እኔ አፌ እስኪደርቅ እጠራለሁ፣ አባቴ ያዞራል፣ ወንድሜ ከላይ ቆርቆሮውን እየደበደበ ያበረታናል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ከታች ፀሐይዋ ውሃው ላይ አርፋ ታንጸባርቃለች። አባቴን የሚጥለው እንዲህ ያለ ብርሃን ነበር።

«ምን ይታይሻል?» አለኝ።

ማቋረጫውን ፈለግኩ። ክረምቱ ድንጋዩን ሁሉ ቦታ ቀይሮት ነበር። «መሃሉን ነው መሰለኝ» አልኩ። ገባን። ውሃው እስከ ጋቢናው መወጣጫ ደረሰ፣ የፊት ጎማችን ሁለት ድንጋይ መሃል ወረደና ቆምን።

ሰማያዊዋ ከኋላችን ስትደርስ ሰማሁ። ባለሰማያዊው ሱሪውን ጠቅልሎ እያጉረመረመ ወረደ፣ አልፎን ከፊታችን ውሃው ውስጥ ቆመና በእጁ ወደ ቀኝ ምልክት ሰጠ። አባቴ አንገቱን ነቀነቀለትና ወደ ግራ አዞረ። ሰውዬው እንደገና ወደ ቀኝ አሳየ። አባቴ ፈገግ አለ እንጂ መሪውን አልመለሰም። እኔ የቀኝ ጉልበቱን ጨመቅኩት።

ባለሰማያዊው እጁን ዝቅ አደረገ። አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጄን አየ። ውሃው ጭኑን እየመታው ይሄዳል። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሼ፣ ድምጤን ይከተሉ» ሲል ሰማሁ። «ወደ ቀኝ… ትንሽ… በቃ። አሁን ቀጥ ይበሉ።»

ወንድሜ ወርዶ ከኋላ ጎማው ስር ድንጋይ ይጎዘጉዛል፣ ሰውዬው ከፊታችን ወደ ኋላ እየተራመደ ይጣራል፤ እንዲህ እየሆንን ማዶ ወጣን። ከዚያ ባለሰማያዊው በመስኮታችን በኩል መጣ። ውሃው ከልብሱ ይንጠባጠባል። የመቅደም መብቱ የሱ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን።

«ቀድመህ ሂዳ» አለው አባቴ።

«የኔዋ ሞተሯ ግላለች፣ ትረፍ» አለ። «እርስዎ ይቅደሙ።»

ሞተሯ አልጋለችም። ዳገቱን ሁሉ ጭሳችንን እየቃመ ከኋላችን ወጣ።

ወገዳ ስንደርስ እልልታው ከሩቅ ተቀበለን። አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት ቅቤውን በኮባ ቅጠል ይዘው መጡና የመኪናችንን ግንባር እየመረቁ ቀቡት። ጋለ፣ ቀለጠ፣ ያ ሽታ ተነሳ። አባቴ ጥርስ በጥርስ ሆነ። ወርዶ ሴትዮዋን «የተረፈ አለ? እሱም ይገባዋል» አላቸው። እጁን ዘረጋ፣ ቅቤውን በመዳፉ ተቀበለ። ከዚያ በግራ እጁ የመኪናችንን ጎን እየዳሰሰ ከኋላችን ወደቆመችው ሰማያዊ መኪና ሄደ። ልከተለው ስል ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ሰው ፊት ልምራው?

አባቴ ሰማያዊዋ ፊት ቆመ። እጁን ከፍ አድርጎ፣ በጥንቃቄ፣ እየመረቀ፣ ቅቤውን በግንባሯ ፋንታ የፊት መስታወቱ ላይ ቀባው።

እልልታው ቆመ። ያልገባው ሰው አልነበረም። አባቴ የእልልታውን መቆም ሰማ፤ መዳፉን መስታወቱ ላይ እንዳደረገ የመስታወቱን ልስላሴ በጣቶቹ መረመረና ባለበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ ያንን ጀርባውን ግን አልረሳውም።

ባለሰማያዊው ከጋቢናው ወረደ። የአባቴን እጅ ከመስታወቱ አንስቶ ሳመው፣ ጎንበስ አለና ራሱ ላይ አሳረፈው።

«መኪናዋን ይተዋት ጋሼ» አለ። «እኔን ይቀቡኝ። መሪ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት።»

አባቴ ጸጉሩን ቀባው። ከነጋዴዎቹ ትልቁ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቅቤ የተቀባች መኪና ናት፤ ጭነቱ የሷ ነው። ማን እንደሚነዳት እናንተ እወቁ» አሉ። በዚያው አለቀ። ወንድሜ ፈቃዱን እስኪያገኝ ባለሰማያዊው ፈቃድ ያለውን ታናሽ ወንድሙን ለኛ ሰጠንና ያለ ረዳት ከረመ። በዓይኑ ሲምል ግን ሁለተኛ አልሰማሁትም።

ስንመለስ መሪውን የያዘው ያ ታናሽ ወንድም ነበር። አባቴ ዳር፣ እኔ መሃል ተቀመጥን። ሜዳው ላይ ስንደርስ አባቴ «ምን አብቧል?» አለኝ። አደዩን ነገርኩት፣ ማዶ ያለውን የኑግ ማሳ ነገርኩት፣ ዋርካዋ ስር የተቀመጡትን ገበያተኞች ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሰማኝ።

ከዚያ ነው እጄ ከልማድ ጉልበቱ ላይ እንደሆነ ያስተዋልኩት። አፍሬ ላነሳው ስል በሱ እጅ ሸፈነው። ቅቤው ገና አልለቀቀውም ነበር።

«ተዪው» አለኝ።

መካነ ኢየሱስ እስክንገባ ድረስ አላነሳሁትም።