ስህተት የሚያጠኑት ሴት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከደንዉዲ ወደ ማሪዬታ በታክሲዬ የማደርሳቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ ከንፈራቸውን ቀለም ሳይቀቡ ግን አይወጡም። ኋላ ወንበር ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ያንሾካሽካሉ፤ «ሩዳ ሁስ፣ ሩዳ ሁስ።»

«ጀርመንኛ ነው፣ ማም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዘመዱ ነው» ብለው ሳቁ። «ልጆች ሳለን እኔና ታላቅ ወንድሜ የፈጠርነው ቋንቋ ነው። ‹ቀይ ቤት› ማለቴ ነው። ቅጽሉ እንደ ስሙ ጾታ መጨረሻውን ይለውጣል። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው።»

እኛም ቀዩና ቀይዋ እንደምንል ስነግራቸው ደስ አላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትክክሉ ሩዴት ሁስ ነው። እኔ የማጠናው ስህተቱን ነው» አሉኝ።

ማሪዬታ ሄደው የሚጠይቋቸው ወንድማቸው የመርሳት ሕመም አለባቸው። የእህታቸውን ስምም መልክም ረስተዋል፤ በእንግሊዝኛ ቢያናግሯቸው አይመልሱም። ቅጽል ተሳስቶ ሲሰሙ ግን ማለፍ አይችሉም።

የዚያን ቀን ክንዳቸውን ይዤ እስከ ወንድማቸው ቤት በረንዳ ሸኘኋቸው። ሽማግሌው ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው አጥሩን ያያሉ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው፣ «ሩዳ ሁስ» አሏቸው።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሩዴት!» ብለው ጮኹ። «ሩዴት!»

«እሺ፣ ሩዴት» አሉ አሮጊቷ፣ እንደ ተቆጧት ታናሽ እህት አንገታቸውን ደፍተው።

የሽማግሌው ፊት ቀስ ብሎ ተፈታ። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላቸው።