ጓሳ ተከፈተ የተባለ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሁለቱም እጆቼ ደሙ። የጓሳ ሣር ስለት አለው። ሙያውን ያስተማሩኝ እትዬ ስንዱ የመጀመሪያ ገመዴን በእግራቸው ረግጠው ሳቡት፤ ተበጠሰ። "በዚህ ብትጭኚ አህያዋን ገደል ትሰጃታለሽ" አሉኝ። ከሦስተኛ ክፍል አቋርጬ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ሣሩን በውሃ ማራስ፣ በእንጨት ወቅቶ ማለስለስ፣ መግመድ። ሁለት ልጆች ያሳደግሁት በገመድ ነው።

የጋራ የሣር ምድራችን ጓሳ ዝም ብሎ አይታጨድም። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሽማግሌዎች መክረው ሲከፍቱት፣ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል። ቀድሞ የገባ ማጭዱን በጠባቂዎች ይቀማል፤ በዚያ ዙርም አያጭድም። የዘገየ ደግሞ የተረፈውን ይለቅማል። ሣር ካጣሁ ሥራ የለኝም።

ባለፈው በጋ አንድ ጠዋት ልጄ ብርቄ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች።

"እማ፣ ጓሳ ተከፍቷል! ፌስቡክ ላይ ወጥቷል!"

ፎቶም አለው፤ ሣር የተጫኑ አህዮች ተከታትለው ሲወርዱ። ጎረቤታችን ደምሴ አህዮቹን እየነዳ በደጃችን ሲያልፍ፣ "ምን ትጠብቂያለሽ? ሺህ ሰው አይቶታል!" አለኝ።

"ከሺው ውስጥ ጓሳ ደርሶ የመጣው ማነው?"

"አንቺማ ስልክ ውስጥ ጭራቅ ያለ ይመስልሻል" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ልጆቼ ወንዝ ሲሻገሩ ከማዶ እስኪጠሩኝ ቆሜ የምጠብቅ ሴት ነኝ። ያን ዕለት መሄዱንም መቅረቱንም ፈራሁ። ማጭዴን አነሣሁ፤ መልሼ ሰቀልኩት።

"እስቲ ፎቶውን አምጪው" አልኳት። አጎላችልኝ። ከፊት የምትመራው አህያ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም።

"ብርቄ፣ ይቺ የኛ ቡላ ናት። ጆሮዋን የቆረጠው ጅብ ነው።"

"ቡላማ ሞታለች!"

"እኮ! ሁለት ክረምት አልፏታል። ታዲያ ዛሬ ሣር የጫነችው ከየት ተነሥታ ነው?"

ሮጣ ለደምሴ እንድትነግረው ላክኋት። እየተነጫነጨች ተመለሰች። "'እናትሽ ለአህያ መታወቂያ ማውጣት ጀመረች ወይ?' አለኝ" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደምሴ ባዶ አህዮቹን እየነዳ ተመለሰ። ማጭዱ ጠባቂዎቹ ዘንድ ቀርቷል።

አዋጁ የተነገረው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ ሲወጣ ነው። ሽማግሌው ቆመው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰማሁ። በማግስቱ ወጣሁና ረጅሙን፣ ያልተረገጠውን ሣር አጨድኩ።

ደምሴ ገመድ ሊገዛ መጣ። ከሁሉ ረጅሙን መረጥኩለት። "አሁንስ ብርቄን ያን ስልክ ጣይው በያት" አለኝ።

አላልኳትም። ፎቶው አልዋሸም፤ አህያዋም ጭነቷም እውነት ነበሩ። የዋሸው "ዛሬ ነው" ብሎ የጻፈው ሰው ነው። ብርቄ አሁንም ታነብልኛለች፤ እኔም ማን አየ፣ መቼ አየ እያልኩ እጠይቃታለሁ። ኋላ ቀር የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ለሁለቱ ጥያቄ መልስ ከሌለ ማጭዴ ከግድግዳው አይወርድም።