የበር ላይ ብረት

ባለፈው ሳምንት ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ በእረፍት ሰዓት ስልኳን ይዛ መጣችና ተንጠልጥለው ራስን ወደ ላይ የሚስቡበት የፑል አፕ ብረት ፎቶዎች አሳየችኝ። በር ላይ የሚገጠሙ ናቸው፤ ሦስት ዓይነት። «ቲቸር፣ የትኛውን ላስገዛ?» አለችኝ። ሲጠይቁኝ ደስ ስለሚለኝ ወዲያው ማብራራት ጀመርኩ። የመጀመሪያው በመቃኑ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ነው፤ ወጣ ያለ የእንጨት ጠርዝ ይፈልጋል፣ የእኛ የብረት በሮች ግን ከግድግዳው ጋር እኩል ስለሆኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሁለተኛው በብሎን ይታሰራል፤ የጭቃ ግድግዳ አይችለውም፣ ብሎኬት ቢሆን ደግሞ አከራይ አይፈቅድም። ሦስተኛው በሁለቱ መቃኖች መካከል ገብቶ ሲጠመዘዝ የሚጠብቅ ነው። «ይኼን» አልኳት። ደወል ተደወለና ሄደች። ስለ ብረቱ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ስለ በሩ ግን ምንም አላልኳትም።

የበሩ ነገር የሆነው ኮምቦልቻ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። የስፖርት መምህርት ነኝ። አንድ ቀን ሜዳው ዳር ካለው አግዳሚ ብረት ሥር ቆሜ፣ ክንድና ጀርባ እንዴት ተጋግዘው እንደሚሠሩ ለረጅም ጊዜ ሳስረዳ፣ ከኋላ የቆመ አንድ ረጅም ልጅ በትህትና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ገብቶናል። አንዴ ይሳቡና እንይዎት» አለኝ። ተንጠለጠልኩ። ክንዴ ግን እምቢ አለ፤ እንደታጠበ ጋቢ ተሰቅዬ ቀረሁ። ጮክ ብሎ የሳቀ አልነበረም። እሱ ነው የባሰው።

ቅዳሜ ለቤቴ የሚሆን ብረት ልገዛ ደሴ ወጣሁ። የበቆሎ እሸት ወቅት ነበር። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው በመስኮት የገዛሁት ጥብስ እጄን ያቃጥለኛል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት በየመታጠፊያው እየቀነሰ ሄዶ ፒያሳ ስንደርስ ሹራቤን ለብሼ ነበር። የክፍሌን በር ስፋት በክር ለክቼ ክሩን በኪሴ ይዣለሁ። የስፖርት ዕቃ ባለሱቁ ለወንድሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለራሴ ነው ስለው ክሩንም እኔንም ደጋግሞ አየና የመዝለያ ገመድ እንድወስድ መከረኝ፤ ለሴት እሱ ይሻላል አለ። ክሩን ብረቱ ላይ ዘረጋሁት፤ ልክ ነበር። ገዛሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እነዚህ ብረቶች የተሠሩት ብዙ በር ላለው ቤት ነው። ሰውየው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በሚያልፍበት በር ላይ ይገጥመውና ብቻውን ይሠራል። የእኔ ኪራይ ግን አንድ ክፍል ናት፤ በሯም አንድ ነው፣ እሱም ግቢው መሀል ካለው ቧንቧ ፊት ለፊት ይከፈታል። በሩ ከተዘጋ ብረቱን የምጨብጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለመሥራት በሬን ከፍቼ፣ ጠዋት ውሃ በሚቀዳው ሰው ሁሉ ፊት መንጠልጠል ነበረብኝ።

ከግቢው ተከራዮች አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ከፈረቃ ሲመለሱ እያዩኝ ዝም ብለው አለፉ። ዝም ያላለው ጀማል የሚባለው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አስቀምጦ «መምህርት፣ አረፋ እኮ አለፈ። በጊቱን ማን ሰቀላት?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ በጊቱ ሆነ።

አከራዬ እትዬ ዘሀራ ደግ ሴት ነበሩ። በር የበረካ መግቢያ ነው፣ ሰው አይንጠለጠልበትም አሉኝ፤ እምቢ ካልኩ ግን ቢያንስ መጋረጃ እንዳደርግበት ለመኑኝ። አከበርኳቸውና መጋረጃ ሰቀልኩ። ስሳብ ጨርቁ ፊቴ ላይ እየተጣበቀ ትንፋሽ አሳጣኝ፤ ከውጭ ደግሞ ከመጋረጃው ሥር የሚወራጩ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ግቢው ከበፊቱ ይልቅ ሳቀ። በማግስቱ መጋረጃውን አወረድኩት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሀራ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ እኔ አንቺን አልጠላሁም» አሉኝ። «ግን ወንድ ያለበት ግቢ ነው፤ ስም ይጠፋል። ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የኔም። ወይ ብረቱን አውርጂ፣ ወይ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቂ።»

ብቻዋን ለምትኖር ሴት ክፍል ማግኘት ቀላል አይደለም። ያቺ ክፍል ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ናት፤ ውሃ አላት፣ ጎረቤቶቿም ክፉ አልነበሩም። ብረቱን ባወርደው ግን ሜዳው ላይ የምቆመው ያችው ስታስረዳ የምትውል መምህርት ሆኜ ነው።

«እትዬ፣ ብረቱ አይወርድም» አልኳቸው። «ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እለቅልዎታለሁ። እስከዚያ ግን በሬን ከፍቼ እሠራለሁ። የሰረቅኩት ነገር የለ፤ ለምን እደበቃለሁ?»

እናም በየጠዋቱ ሠራሁ። ጀማል በጊቱ ሲለኝ፣ ሥጋው ሲደርስ እጠራሃለሁ እለው ጀመር። በወሩ መጨረሻ፣ ጁምዓ ጠዋት፣ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ታጠፈና አገጬ ከብረቱ በላይ አለፈ። አንድ ጊዜ ብቻ። የጀማል ጀሪካን ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን የሚዘጋ ሰው ጠፋ። እትዬ ዘሀራ በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«ማሻ አላህ» አሉ። ከዚያም «አሁንም ግን ትለቂያለሽ» አሉኝ።

«እለቃለሁ» አልኩ። ሁለታችንም ቃላችንን ጠበቅን።

ሰኞ ሜዳው ላይ በረጅሙ ልጅ ፊት ተንጠልጥዬ ራሴን ሳብኩና፣ ስወርድ ማብራሪያዬን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ክፍል ፍለጋ የዞርኩትም ብረቱን በእጄ ይዤ ነው። አከራዮቹን ስለ ኪራይ ከመጠየቄ በፊት መቃኑ ላይ እያሳየሁ፣ ይሄ እዚህ ይገጠማል፣ በሩም ይከፈታል፣ ካልፈለጉ አሁኑኑ ይንገሩኝ እል ነበር። ብዙዎቹ አልፈለጉም። አንድ ሽማግሌ ግን ቀና ብለው በሩን አዩና ሲገቡ ጭንቅላታቸውን ይመታቸው እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። እሳቸው ጋ ገባሁ።

እትዬ ዘሀራ ላይ ቂም የለኝም። ግቢያቸው ነው፤ ስሙንም የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ግን ሰው በሚያፍርልኝ ነገር ሁሉ እኔም ማፈር አለብኝ ብዬ አላምንም፤ ያኔም አላመንኩም። አሁን የምኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ጥሩ የእንጨት በር አለ፤ ብፈልግ ማንም ሳያየኝ መሥራት እችላለሁ። ብረቱን የገጠምኩት ግን የውጪው በር ላይ ነው።