አርባ አንዱን መብራት የሰበሰበችው ባዩሽ

ጉለሌ ውስጥ በእኛ ሰፈር ፊውዝ የተቃጠለበት ሰው ወደ ባዩሽ ዋቅቶላ ቤት ነበር የሚልከው። መጀመሪያ ላይ ሰው ይሥቅባት ነበር። ሴት ወንበር ላይ ቆማ፣ ካቻቢቴ በጥርሷ ነክሳ ቆጣሪ ስትነካካ ማየት አልተለመደም። እያደር ሳቁ ቀረ። ሙያውን ያገኘችው የዕደ ጥበብ ማኅበራችን ባዘጋጀው የሁለት ወር ሥልጠና ሲሆን፣ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። እኔ እዚያው ማኅበር ስፌት እሰፋ ስለነበር የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

በስድሳ ስድስት የፈነዳው አብዮት አሥር ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ማኅበሩ ለጌጥ የሚሆን የጠረጴዛ መብራት መሥራት ጀመረ። ግንዱ ነሐስ፣ ቆቡ የሰንበሌጥ ስፌት ነው። መሸሻ የሚባለው ነሐስ ሠሪ ግንዱን ቀርጾ ይበሳዋል፣ ባዩሽ ገመዱን ታስገባለች፣ እኔ ቆቡን እሰፋለሁ። መብራቱ ለአብዮቱ በዓል ኤግዚቢሽን ታጨ። አርባ አንዱ ግን አስቀድሞ ለሰፈሩ ሰው ተሸጦ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከዊንጌት አካባቢ ወይዘሮ ጽጌረዳ የሚባሉ ደንበኛ መብራቱን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘዋል።

«ስወለውለው ያዘኝ፤ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ» አሉ። «ሶኬቱን ልጄ ባትነቅለው ኖሮ እንጃ።»

ባዩሽ ወንበር ሰጥታቸው መብራቱን ፈታችው። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዙ አልተሞረደም። ስለቱ የገመዱን ልባስ በልቶት ሽቦው ነሐሱን ነክቷል። ከመጋዘን ስድስት አውጥታ እየሰካች በመፈተሻዋ ነካቻቸው። በሁለቱ ላይ የመፈተሻው እጀታ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፑል በራች፤ ነሐሱ ኤሌክትሪክ ይዟል ማለት ነው። መፈተሻውን አስቀመጠች። ከዚያ ወይዘሮ ጽጌረዳን «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው።

ሊቀመንበራችን አቶ ዓምሃ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ደግሞ ማን አይፈራም! ባዩሽ ስትነግራቸው በሩን ዘግተው፣ «ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ» አሏት። «የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ቢሉንስ? የመጡትን በየተራ እንጠግናለን።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እስኪመጡ ድረስ ሰው ቢሞትስ?»

«ነገርኩሽ» ብለው በሩን ከፍተው አስወጧት። በማግስቱ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ባዩሽ እጇን አወጣች። የቀበሌው ካድሬ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። ከአጠገቤ ተነሥታ ተናገረች።

«መብራታችን ሰው ይይዛል። ገመዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ለሽያጭ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አርባ አንዱንም መልሼ ልሰብስብ፣ ፍቀዱልኝ።»

ከኋላ መሸሻ ተነሣና «ቀዳዳውን ሳልሞርድ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ለብቻዋ አይደለም» ብሎ ተቀመጠ። ካድሬው የሁለታቸውንም ስም ጻፈና፣ «ሰብስቡ፤ ስለ ጥፋቱ በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

በዚያው ሳምንት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ለሌላ አዋጅ እንደሚጮኸው ስለ እኛ መብራት ጮኸ። የነሐስ መብራት የገዛችሁ ሁሉ ሶኬቱን ንቀሉ፣ እጃችሁን አታሳርፉበት፣ ወደ ማኅበሩ አምጡ። እኔ በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ። ባዩሽ ግን ያላመጣውን ሰው በር እያንኳኳች ዳገቱን ወጣች፣ ወረደች፤ እኔም አብሬያት ዞርኩ። አቶ ሸፊ የሚባሉ ሽማግሌ አልሰጥም አሉ።

«እኔን አልያዘኝም። በገዛሁት ዕቃ ምን አገባሽ?»

ባዩሽ በኦሮምኛ ጥቂት አነጋገረቻቸውና ቤት ገብታ መፈተሻዋን ነሐሱ ላይ አሳረፈች። በራ። ሽማግሌው የሚተኙበትን አልጋ አዩ፤ መብራቱ ከራስጌው አጠገብ ነበር። ሶኬቱን ነቅለው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

በሦስት ሳምንት አርባው ገባ። የቀረው አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወረ አስተማሪ ጋር ሄዷል። በትምህርት ቤቱ በኩል ደብዳቤ ጻፈችለት፤ መብራቱ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። መሸሻ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሞረደ። ባዩሽ ከጎሚስታ ቤት የለመነችውን ያረጀ የጎማ ላስቲክ ቆርጣ በቀዳዳው ዙሪያ አለበሰች፤ ገመዱንም ቀየረች። ከዚያ እያንዳንዱን በእጇ ለባለቤቱ መለሰች።

ካድሬው ባዩሽን ሁለት ቀን አስጠርቶ ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ጽጌረዳ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሄደው ቢሮው ደጅ ተቀመጡ። «እሷ ባትናገር ማናችን እንደምንሞት አናውቅም ነበር» አሉት። ማስጠንቀቂያ እንኳ ሳይጻፍባት ለቀቃት፤ መሸሻንም ተወው። አቶ ዓምሃም በስብሰባ ላይ ተነሥተው ከዚህ በኋላ ባዩሽ ያልፈተሸችው ዕቃ ከማኅበሩ እንዳይወጣ ወሰኑ።

ስትፈትሽ ከግንዱ በታች በምስማር «ባ» ብላ ትጭር ነበር። የጉለሌ ሴቶች መብራት ሊገዙ ሲመጡ መጀመሪያ ገልብጠው ያንን ፊደል ይፈልጋሉ። የቆቡ ስፌት የማን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም አልተቀየምኩም። ባዩሽ ጓደኛዬ እንደሆነች ለማያውቁኝም እነግር ነበር።